ግማሹ ወርቅ፣ ግማሹ ቅብ

ለሳኝ ሰው ሰዓት አያስርም። በዚህ ነገር ዛሬም ቢሆን ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ሲሚንቶው ማሰሪያውን ይበላዋል፣ አሸዋው መስታወቱን ይፍቀዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክንድህን ወደ ግድግዳው ባነሳህ ቁጥር ዓይንህ ላይ እየመጣ "ምሳ ደረሰ፣ ምሳ ደረሰ" ይልሃል። ምሳ በሌለበት ቀን ይህ ግፍ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላኝ በጥላና በአዛን ነው የኖርኩት፤ አንድም ግድግዳ ጠሞብኝ አያውቅም። እሺ፣ አንድ ጠሞብኛል። እሱንም እነግራችኋለሁ።

ሀርጌሳ ያኔ ጣሪያ ፍለጋ ላይ ነበረች። ግድግዳው ቆሞ ላዩ ሰማይ የሆነ ቤት በየመንገዱ ነው። በጦርነቱ የተሰደደው ሰው በየቀኑ ይመለሳል፤ ግማሹ በጭነት መኪና ከኢትዮጵያ በኩል፣ ግማሹ በአውሮፕላን ከሩቅ አገር። የመጣው ሁሉ የአባቱ ቤት ፍርስራሽ ፊት ቆሞ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ ለሳኝ ይጠራል። እኔ ያ የሚጠራው ነበርኩ። ከወሎ ተነስቼ በሐረር፣ በጅጅጋ እያልኩ የገባሁት ለስድስት ወር ብዬ ነው፤ ስድስቱ ወር ሦስት ዓመት ሆነ። ሼክ ኑር የሚባል ሰፈር ውስጥ ካገሬ ልጅ ጋር፣ ልብስ ሰፊ ነው፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር።

31 ሜይ ሰፈር አንዲት የድሬዳዋ ሴት ምግብ ቤት ሊከፍቱ ነው ተባለና ልለስንላቸው ሄድኩ። መካ ደርሰው የመጡ ስለሆነ ሰው ሁሉ ሐጃ ነው የሚላቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም። ከእሳቸው ጋር የወንድማቸው ልጅ አለች፤ አባቷ ሞቶባት እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። ሦስተኛው ቀን ላይ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እለስናለሁ፣ እሷ የሳህን ቁልል ይዛ ከኋላዬ አለፈች፤ አለፈችና ተመለሰች።

"ይሄ ግድግዳ ሆዱን ገፍቷል" አለች።

"አንቺ ሳህንሽን ያዢ" አልኳት። ሥራዬን ሲነኩብኝ ደሜ ይፈላል፣ ተፈጥሮዬ ነው።

"ሳህኑንማ ይዤዋለሁ። ግድግዳውን ያልያዝከው አንተ ነህ" ብላኝ ሄደች።

ላሳፍራት ብዬ ቱንቢዬን አወጣሁ፤ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ያ የግንበኛ ገመድ ነው፣ ውሸት አያውቅም። ከላይ ለቀቅኩት። ያ አላህ! ሁለት ጣት ያህል ገፍቷል። ሌላ ሰው አላየም፣ ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን እሷ አይታለች። ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ ፍቄ እንደገና ለሰንኩት፣ ለዚህም ሳንቲም አልጠየቅሁም። ሌላው ሰው በዓይን ይያዛል፤ እኔ በቱንቢ ተያዝኩ።

ከዚያ በኋላ ምሳዬን እዚያ ካልሆነ አይወርድልኝም። ነገሩ ከሷ ጋር ካለቀ በኋላ፣ ማለቴ እሷ "አክስቴን ጠይቅ እንጂ እኔንማ ምን ትጠይቀኛለህ" ካለች በኋላ፣ ሽማግሌ አዘጋጀሁ። የሰፈራችን መስጊድ ሼህ ዋናው ናቸው፤ ሁለት የአገሬ ሽማግሌዎች ተጨመሩ። ባገራችን ወግ ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂው ቤቱ ይቀመጣል። ሐጃ ግን "ዘመድ የለው፣ ጎረቤቱን አላውቅ፤ በዓይኔ ካላየሁት አልሰማችሁም፣ ይዛችሁት ኑ" አሉ። ለጁምዓ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ተቀጠረ።

ያን ቀን ጠዋት አንድ ከውጭ የመጣ ሰውዬ ጋ ትንሽ የቀረች ሥራ ነበረችኝ። ቶሎ ጨርሼ እሄዳለሁ ብዬ ገባሁ። ሲሚንቶው ተቦክቷል። የቦካ ሲሚንቶ ጥለኸው ብትሄድ ስትመለስ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅሃል፤ የሰው ንብረት ነው፣ ይህን ለሳኝ ያልሆነ ሰው አይገባውም። አንዱን ግድግዳ ስጨርስ ትንሽ ተረፈ፣ የተረፈው እንዳይባክን ሌላውን ጀመርኩ፣ እሱን ለመጨረስ ደግሞ አነሰኝና ጨምሬ አቦካሁ። ፀጉሬ ላይ ኖራ እንደያዝኩ እየሮጥኩ ስደርስ ሁለት ሰዓት ሙሉ አልፏል። ሽማግሌዎቼ ምግቡን ጨርሰው፣ ወሬውንም ጨርሰው፣ አንደኛው ተደግፈው ተኝተዋል።

ሐጃ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

"ሰዓት አለህ?" አሉኝ።

"የለኝም፣ ሐጃ።"

"ለሲሚንቶ የምትጨነቀውን ያህል ለልጄ ካልተጨነቅክ ነገ እሷንም አንድ ጥግ አቁመህ ትረሳታለህ። ሂድና ሰዓት ገዝተህ ና። ደግሞ የመንገድ ዳር ፕላስቲክ እንዳይሆን! ሲያስሩት መዘግየት የሚያሳፍር ሰዓት ይሁን። የዛሬ ወር፣ ጁምዓ፣ አራት ሰዓት። ያን ቀን ካጎደልክ ግን አቦ፣ ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳላይህ።"

እሷ ከማድ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ነበረች። እግሯን ብቻ ነው ያየሁት፤ እግሯም ወደ ውስጥ ዞሮ ሄደ።

እንግዲህ ሰዓት ፍለጋ ወጣሁ። ገበያው ውስጥ በኮንቴይነር የሚነግድ አንድ ሰው አለ፤ የዚሁ የሀርጌሳ ልጅ ነው፣ ግን መርካቶ ያደገ፣ አማርኛው ከኔ የሚበልጥ። ዱባይ እየተመላለሰ ሽቶም ሬዲዮም ያመጣል። "የሚያሳፍር ሰዓት አለህ?" አልኩት። ገባው መሰለኝ፣ ከስር ጎንበስ ብሎ አንዲት ሣጥን አወጣ። ውስጧ ሁለት ሰዓት ተኝቷል። ሁለቱም የስዊዝ፣ የሁለቱም ዋጋ አንድ፤ ዋጋው ደግሞ እኔ በሦስት ዓመት ለመህር ብዬ ካጠራቀምኩት ጋር ልክክ ይላል። መህር ማለት በኒካህ ጊዜ ወንዱ ለሴቷ በእጇ የሚሰጣት፣ አክስትም ወንድምም የማይካፈላት፣ የራሷ ሀቅ ነው። ሰዓቱን ከገዛሁ መህር የለኝም፤ መህሬን ከያዝኩ ሰዓት የለኝም። መጀመሪያውኑ ማሰብ የነበረብኝ ይሄንን ነበር። እኔ ግን የማስበው የትኛው ያምራል የሚለውን ነበር።

አንደኛው ነጭ ነው፣ ብረት፣ እንደ በር እጀታ የከበደ። "ይሄ መቶ ሜትር ውሃ ውስጥ ይሠራል" አለኝ ነጋዴው።

"ውሃ በአህያ ጋሪ በምንገዛበት ከተማ መቶ ሜትር ውሃ ከየት ላምጣ?"

"አቦ፣ ዋናው መቻሉ ነው!"

ሁለተኛው የወርቅ ነው። ቀጭን፣ ቢጫ፣ ቀኑን በአረብኛ የሚያወጣ። ምን ልበላችሁ! እንኳን መዘግየት፣ ይሄን ያሰረ ሰው ሞቱም በቀጠሮ ነው። ልነካው ስል ነጋዴው እጄን ያዘና "መጀመሪያ ታጠብ" አለኝ። ታጥቤ መጣሁ። በማግስቱም ታጥቤ መጣሁ። ሁለት ሳምንት ከሥራ መልስ እየታጠብኩ አንዴ ነጩን አንዴ ቢጫውን ሳስርና ስፈታ፣ በሕይወቴ እጄ እንደዚያ ንጹህ ሆኖ አያውቅም።

ልብስ ሰፊው ጓደኛዬ ከመጀመሪያው ለወርቁ ነበር። "ስማኝ" ይለኛል፣ መርፌውን ከንፈሩ ላይ እንደያዘ፣ "ወርቅ ያሰረን ሰው መህርህ የታለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያለው መሆኑ ይታያላ! ነጩን ካሰርክ ግን የቧንቧ ሠራተኛ ነው የምትመስለው።" እኔ ደግሞ ስናደድ "እንግዲያው ሁለቱንም ልሰር!" እላለሁ። "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" ይልና ወደ ስፌቱ ይመለሳል።

ወርቅ ለወንድ ሀራም መሆኑን አጥቼው አይደለም። ልጅ ሆኜ ቁርአን ቤት ተምሬዋለሁ። ግን ሰው የፈለገው ነገር ሲሆን የሚያውቀውንም ይጠይቃል። ከዓስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት፣ በኋላ ሼሁን ተጠግቼ "ሼሄ፣ አንድ ጓደኛዬ ነው፣ የወርቅ ሰዓት ሊገዛ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ጓደኛህ ያ በሲሚንቶ የዘገየው ነው?" አሉኝ። "ወርቅ ለወንድ አይሆንም፣ ልጄ። ቀለሙ ብቻ ከሆነ፣ ቅብ ከሆነ፣ ያው ቀላል ነው የሚሉ አሉ። ግን ምን አስጨነቀህ? ነጩን ግዛ።"

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ የሰማሁት "ቅብ ከሆነ" የምትለዋን ብቻ ነው። በሩጫ ኮንቴይነሩ ጋ ደረስኩ። "ይሄ ነገር እውነተኛ ወርቅ ነው?" አልኩት።

"ወላሂ፣ ንጹህ ወርቅ!"

"እንግዲያው ሀራም ነው፣ አልገዛውም።"

"ቆይ፣ ቆይ! ወላሂ ቅብ ነው!"

"ቅብ ከሆነማ በዚህ ዋጋ ምን ብዬ እገዛዋለሁ?"

በአንድ ምላሱ ሁለት ወላሂ ምሎ አሁን ራሱም ግራ ገባው። ለካስ እሱም አያውቅም! እንዲያውም ከኔ ይልቅ እሱ ለማወቅ ጓጓ። ሰዓቱን በመሐረብ ጠቅልሎ "ና፣ ወርቅ ሻጮቹ ጋ እንሂድ" አለኝና ኮንቴይነሩን ቆልፎ ወጣን።

ወርቅ ሻጮቹ ሴቶች ናቸው፤ ገበያው መሀል የመስታወት ሣጥናቸውን ፊታቸው አድርገው በመደዳ ይቀመጣሉ። አንዷ ድሬዳዋ ያደጉ፣ ወፍራም፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ እናት ሰዓቱን ተቀበሉን። ጥቁር ድንጋይ ላይ ጠርዙንም ማሰሪያውንም ፈተግ አደረጉና ከትንሽ ብልቃጥ አንዳች ነገር ጠብ አደረጉበት። እኔ በዚያች ቅጽበት ዱዓ ላደርግ ፈለግሁ፤ ምን ብዬ? ያ ረቢ ወርቅ አድርገው ብል በወንጀል ላይ እርዳታ መለመን ነው። ያ ረቢ ቅብ አድርገው ብል ሐጃ ያዘዙት የሚያሳፍር ሰዓት የቱ ሊሆን ነው? ዝም ብዬ "ያ ረቢ" ብቻ አልኩ፣ የቀረውን እሱ ያውቃል ብዬ።

"ገላው ወርቅ ነው። ማሰሪያው ቅብ ነው" አሉ እናትየዋ።

እኔና ነጋዴው ተያየን። ሁለቱም ወላሂዎቹ ልክ ሆኑለት! እንዲህም ያለ ሰው አላህ ይወደዋል ማለት ነው።

"ለማን ነው ሰዓቱ?" አሉኝ።

"ለኔ፣ እናቴ።"

"ላንተ? ወንድ አይደለህም እንዴ?" መደዳው በሙሉ ሳቀ። አማርኛ የማይሰሙትም ሳቁ። ተናደድኩና "እኔ ማንም ሰው አይደለሁም፣ 31 ሜይ የሐጃን ምግብ ቤት የለሰንኩት እኔ ነኝ!" አልኩ። ይህ ለሳቁ ምን መልስ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እናትየዋ ግን መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ፣ ደህና አድርገው አዩኝ።

ያን ጊዜ ቁርጤን አወቅሁ። ግማሽ ሀራም ብሎ ነገር የለም። ነጩን ልገዛ ነው፣ አለቀ። ሐጃ ይውደዱት፣ አይውደዱት፣ በሰዓቱ እደርሳለሁ፤ መህሩንም በሥራዬ ቀስ እያልኩ እሰጣለሁ ብዬ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። ለቀጠሮው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ገንዘቤን በፌስታል ቋጥሬ ልቤ ቀልሎት ሄድኩ።

ኮንቴይነሩ ውስጥ አንድ ኮት የለበሰ ሰው ቆሟል። በእጁ የወርቁን ሰዓት ይዟል። ወደ ብርሃኑ እያዞረ "ማሻአላህ፣ ይሄንን እወስደዋለሁ" ይላል።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ከሁለት ሳምንት በላይ እየታጠብኩ የያዝኩትን ሰዓት፣ ዱዓ ያደረግሁበትን ሰዓት፣ ገበያ መሀል የተሳቀብኝን ሰዓት፣ ይሄ ኮታም ዛሬ መጥቶ!

"እሱ የተያዘ ነው!" አልኩ።

"በማን?" አለኝ ሰውየው።

"በኔ ነዋ!"

ነጋዴው ደግሞ ረጋ ብሎ "አንተ ነጩን ልትወስድ አልነበር እንዴ? ተውለት፣ እንግዳ ነው" አለኝ። ይሄኔ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ሰዓቱን ከሰውየው እጅ ተቀብዬ ወጣሁ። ገበያውን አቋርጬ ወንዙ ጋ እስክደርስ ድረስ ጀግና ነበርኩ። ወንዙ ጋ ቆምኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ አፍስሼ የምለቅመውም አልቀረኝም። መህር የለም፣ የገዛሁት ሀራም ነው፣ ቀጠሮው ነገ ነው። ሰዓቱን በመሐረብ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

ልብስ ሰፊው ሲሰማ ግን አጨበጨበ። "ሼሁና ሐጃ አንድ ላይ መሆናቸው ብቻ ነው ችግሩ" አለ። ለነገ የሰፋልኝን ነጭ ሸሚዝ አመጣና የግራ እጅጌውን ጥቂት አስረዘመልኝ። "ለሼሁ ሲሆን ታወርደዋለህ፣ ለሐጃ ሲሆን ትሰበስበዋለህ። ይኸው ነው።" እውነቱን ለመናገር ያኔ ብልህ ምክር መስሎኝ ነበር።

ጁምዓ ጠዋት ሰዓቱን አሰርኩ፤ ሰዓት ባሰርኩባት በመጀመሪያዋ ቀን አልዘገይም ብዬ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ምግብ ቤቱ ደጃፍ ደረስኩ። ሐጃ መጥረጊያ ይዘው፣ የቤት ሻሻቸውን እንዳሰሩ፣ ወጥ ገና እሳት ላይ እንደሆነ ከበሩ ብቅ አሉ።

"አቦ! አንተ ልጅ አንድ ቀን እንኳን በሰዓቱ መምጣት አይሆንልህም?" ብለው በሩን ዘጉብኝ።

ግማሽ ሰዓት መቅደም እንዲህ ያስቆጣል እንዴ ብዬ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ሆነ፣ ሽማግሌዎቼ የሉም። አራት ተኩል ሆነ፣ የሉም። ደሜ ይፈላ ጀመር። አምስት ሊሆን ሲል ከልብስ ሰፊው ጋር እየተንጎራደዱ መጡ። ጓደኛዬን ጎትቼ "አንድ ሰዓት ሙሉ! ልታዋርዱኝ ነው? ሰው ለቀጠሮ እንዲህ ይቀልዳል?" አልኩት። ሰዓት ያሰርኩት ከጠዋት ጀምሮ ነው፤ ለሰው ምክር መስጠት የጀመርኩትም ከጠዋት ጀምሮ ነው። እሱ አፍጥጦ አየኝና ገባ።

ምንጣፉ ላይ ስንቀመጥ ሼሁ በቀኜ፣ ሐጃ በግራዬ ሆኑ። አላህ ይስጠው፣ አቀማመጡ ለእጅጌዬ የተመቸ ነበር። ትይዩዬ የልጅቷ አጎት አሉ፤ ወልይዋ ናቸው፣ ያለ እሳቸው ፈቃድ ኒካህ አይታሰርም፤ ግን አርጅተዋልና ከሁለት ቃል በኋላ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ምግብ ቀረበ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሼሁ ስለ ትዳር ተናገሩ። እኔ ሼሁ ወደኔ ሲዞሩ እጅጌዬን አወርዳለሁ፣ ሐጃ ሲያዩኝ እሰበስባለሁ። ሐጃ ትንሽ ታዘቡኝና፣

"ምን ሆነህ ነው? ቁንጫ ገባብህ?" አሉኝ። ቀጠሉና "ለመሆኑ ስንት ሰዓት ነው?" አሉ።

 የሁሉም ዓይን ግራ እጄ ላይ ነው። የሼሁም። ሌላ መንገድ አልነበረኝም፣ እጅጌዬን በሁለት ጣት ብቻ ከፍ አድርጌ አጮለቅሁና በሙሉ ድምፄ ተናገርኩ፤ "አምስት ከሩብ!"

ሐጃ ያን እኔ ሁለት ጊዜ የለሰንኩትን ግድግዳ ቀና ብለው አዩ። እላዩ ላይ ሰዓት ሰቅለዋል። አራት ከሩብ ይላል።

"በማን አገር?" አሉኝ።

"በዱባይ ነው፣ ሐጃ!" አለ ልብስ ሰፊው፤ ሳቁን መያዝ አልቻለም። "የነጋዴው ሰዓት ከመጣ አልተነካም ማለት ነው፣ ዱባይ ባንድ ሰዓት ይቀድመናል!" እኔ ያ ሁሉ ቁጣዬ፣ ያ ሁሉ የደጃፍ ጥበቃዬ፣ በሰው አገር ሰዓት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ሐጃ ግን እጄን ያዙና እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰበሰቡት። ቢጫው ወጣ።

"ወርቅ! ሱብሀነላህ! ወንድ ልጅ ወርቅ አስሮ ልጄን ሊጠይቅ!"

"ማሰሪያው ቅብ ነው፣ ሐጃ!" አልኩ።

"ገላውስ?"

እጅጌዬን ወደ ታች ጎተትኩ። ሼሁ ራሳቸውን እየነቀነቁ "እኔ ለጓደኛው ነግሬው ነበር" አሉ።

"ሰዓት ግዛ አልኩህ እንጂ ጌጥ ግዛ አልኩህ? መህርህስ የታለ? እሱንም አሳየን እስቲ!"

ወደ እጄ አየሁ። "እሱም እዚሁ ነው ያለው" አልኩ።

ሐጃ እጄን ለቀቁት። እንኳን ሐጃ ቀርተው ልብስ ሰፊውም አልሳቀም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ የሰዓት ነገር ይመስለኝ ነበር። ሐጃ ጉልበታቸውን ተደግፈው መነሳት ሲጀምሩ፣ ይህቺን ልጅ ላጣት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ግድግዳ ፍቆ እንደገና መለሰን ይቻላል፤ ይሄንን ግን በምን እፍቀዋለሁ?

"በሉ፣ ምግባችሁን ጨርሱና በሰላም..." ሲሉ ሐጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ መጣ።

"ሼሄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?"

"ጠይቂ፣ ልጄ።"

"መህር የሚጠይቀው ማን ነው? አክስቴ ናት ወይስ እኔ?"

ሼሁ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። "ሀቁ ያንቺ ነው። አንቺ ነሽ።"

"እንግዲያው እኔ መህሬ እንዲሆን የምፈልገው ያንን ሰዓት ነው።" ጨመረችም፤ "ወርቅ ለሴት ሀራም ነው እንዴ?"

"የለም፣ ሀላል ነው" አሉ ሼሁ፤ ድምፃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። "ለሴትማ ንጹህ ሀላል!" ብለው ፈነዱ። እኚያ ቁጥብ ሰው እንባቸው በጢማቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። አጎትየው ከእንቅልፋቸው ነቁና "ተስማሙ?" አሉ። "ተስማሙ" አላቸው ልብስ ሰፊው። "እኔም ተስማምቻለሁ" አሉና ቀና ብለው ተቀመጡ።

ሐጃ ብቻ አልሳቁም። እንደቆሙ አንዴ መጋረጃውን፣ አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና "አውልቀው በላ" አሉኝ። "ምን ትጠብቃለህ? የሰው ንብረት ነው ያሰርከው።" ኒካሁ እዚያው ምንጣፍ ላይ ከጁምዓ ሶላት በፊት ታሰረ። እኔ በሕይወቴ ሰዓት ያሰርኩት ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው ማለት ነው፤ ያውም የዱባይ።

ሳምንት ሲያልፍ ማሰሪያው ሰፍቷት ከእጇ እየወለቀ አስቸገረና ልናሳጥረው አብረን ኮንቴይነሩ ጋ ሄድን። ገና ስንገባ ማን ሻይ ሲቀዳ አየሁ? ያ ኮታም! ያችኑ ኮት ለብሶ።

"የአጎቴ ልጅ ነው፣ ተዋወቁ" አለኝ ነጋዴው፣ ምንም ሳያፍር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ለካስ ቅብነቱን ገበያው ሁሉ የሰማበትን ሰዓት እኔ ላይ ሊያራግፉ ነው የተመሳጠሩት። ልዘልበት ስል እሷ የሸሚዜን ጫፍ ያዘችና "ሻዩን ተቀበል" አለችኝ። ተቀበልኩ። ጥሩ ሻይ ነበር፣ ይሄም አናደደኝ። ነጋዴው ማሰሪያውን ሲፈታ ያ ነጩ ሰዓት ሣጥኑ ውስጥ ብቻውን ተኝቶ አየሁት። የሁለት ሳምንቱ ጭንቀቴ ሁሉ ትዝ አለኝ።

"ነጩን ገዝቼ ቢሆን ኖሮስ?" አልኳት።

"ነጩን መህሬ እል ነበር።"

"ወርቅ አይደለም እኮ።"

"ታዲያስ? ባዶ ጣሳ ይዘህ ብትመጣም መህሬ ጣሳው ነው እል ነበር" አለችና ሻይዋን ጠጣች። "ወርቅ ሻጯ ምሳዋን እኛ ጋ ነው የምትበላው። አንድ ፀጉሩ ኖራ የሆነ ሰው ሰዓት ላይ ዱዓ ሲያደርግ አየሁ ብላ ሁሉንም ነግራኛለች። ምን እንደምል ያኔውኑ ነው የወሰንኩት። አክስቴ ሦስተኛ ቀጠሮ ሳትሰጥህ እንዲያልቅ ነበር የፈለግሁት።"

"ሦስተኛ ቀጠሮ ብትሰጠኝስ? እመጣ ነበር።"

"መምጣትህንማ አውቃለሁ። የምጠብቀው ግን እኔ ነኝ።" አዲስ ያጠረውን ሰዓት እጇ ላይ አስራ አየችው። ነጋዴው በሀርጌሳ ሰዓት አስተካክሎላታል። "ያን መጀመሪያ የዘገየህ ቀን ሽማግሌዎችህ በሉ፣ ተኙ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ነበር። የግድግዳው ሰዓት ያኔ አልተሰቀለም። አንተ በለሰንከው ግድግዳ ላይ ጥላው ከላይ እስከ ታች ሲወርድ አየሁት። ደግሞ ምን ያህል ልክ አድርገህ ለስነኸው ነበር፣ ጥላው አንድ ቦታ እንኳን አልተሰበረም።"

ኮታሙን ለሻዩ አመሰገንኩት። 

"ከዛሬ ጀምሮ ግን በጥላ የለም" አለችኝ፣ ከኮንቴይነሩ ስንወጣ ሰዓቱን ወደ ፀሐይዋ አዙራ። "በደቂቃ ነው የምቆጥርብህ።"